የአባቴ ዓይን እስኪበስል

አባቴ ጠዋት ፊቱን ይታጠብና ደጃፉ ላይ ባለችው ዱካ፣ በእንጨት በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ አገጩን ወደ ሰማይ ያነሳል። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ትወጣለች። ትንፋሻቸው እስኪገናኝ ጎንበስ ትልና የአንድ ዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ስባ ታያለች፤ ቀጥላ የሌላውን። «እህስ?» ይላታል። «ገና ነው» ትለዋለች። እሱም ቅርጫቱን አንስቶ ወደ ቡናው ይሄዳል።

እኔ ቦንጋ ከተማ የልብስ ሱቅ አለኝ፤ ወላጆቼ የሚኖሩት ገጠሩ፣ ማንኪራ ነው። አንድ በዓል ሄጄ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ከሩቅ ሳያቸው የሚሳሳሙ መስሎኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በዚህ ዕድሜያችሁ ደጅ ላይ ምን ይባላል ብዬ ስቀልድባቸው እናቴ አፍራ ወደ ጓዳ ገባች፤ አባቴ ግን ብንሳሳምስ ማንን ልናስፈቅድ ነው አለኝ። ምን እንደሚጠብቁ የገባኝ ቆይቶ ነው። የአባቴን ዓይን ሞራ ይዞት ነበር፤ የሚጠብቁት ሞራው እስኪበስል ነበር።

ይህ ከየት መጣ ቢባል ከአያቴ ነው። የአባቴን አባት ሞራ ሲጋርደው ያኔ የነበረ ሐኪም አይቶት፣ ገና ስላልበሰለ ሲነጣ ተመለስ ብሎ ሸኘው። ጠበቀ፤ ነጣ። ጅማ ተወስዶ ተገፈፈለትና የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርጎ ተመለሰ። በመነጽሩ ውስጥ ዓይኑ የበሬ ዓይን አክሎ ስለሚታየኝ እኔ ልጅ ሆኜ እፈራው ነበር። እሱ ግን ማየቱን አየ፤ እስኪሞት ድረስ የንብ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ከሩቅ ይለይ ነበር። እንግዲህ በቤታችን ጠብቆ የተጎዳ ሰው አልነበረም። አባቴን ማን ያሳምነው?

ደግሞም እስኪበስል መጠበቅ የሰውዬው ሙያ ነው። የእኛ ቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ተደባልቆ ይገኛል። አባቴ ቀይ ቀዩን ለቅሞ የቀረውን ይተወውና ሌላ ጊዜ እዚያው ዛፍ ሥር ይመለሳል። ልጆች ሳለን ቅርንጫፉን በእጃችን ሙልጭ አድርገን ስናወርድ ከያዘን ጉድ ፈላ። ቅርጫታችንን መሬት ላይ ይገለብጠውና ጥሬውን አንድ በአንድ ያስለቅመናል፤ እሱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ከጎናችን ይቆማል። ለዓይኑም የነበረው ፍርድ ይኸው ነው። ያልነጣ ሞራ ላይ ምላጭ የሚያሳርፍ ሐኪም እሱ ዘንድ ቅርንጫፍ ከሚያራግፍ ልጅ አይሻልም።

ነገሩ የጀመረው በደስታ መሆኑ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። አባቴ ዳዊቱን የሚደግመው እኔ ከከተማ ገዝቼ በወሰድኩለት መነጽር ነበር። አንድ ቀን መነጽሩን ሳያደርግ መጽሐፉን ገለጠና ወደ ፊቱ ጠጋ ቢያደርገው ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ታየው። ደግሞ ሞከረ፤ አነበበ። መነጽሩን በመሐረብ ጠቅልሎ መለሰልኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ በስተርጅና ዓይኔን አደሰልኝ አለ። እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ የማር ብርዝ ቀረበ። እኔም ከነሱ ጋር ጠጣሁ።

ኋላ ጅማ ያገኘነው ሐኪም ነው ነገሩን የነገረኝ። ሞራ ከዓይን በላይ የሚበቅል ቆዳ አይደለም። ዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ በስተኋላ፣ እንደ ውኃ የጠራ ሌንስ አለ፤ ብርሃን የሚያልፈው በእሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይደፈርሳል። አንዳንዱን ሰው ሲጀምረው ሌንሱ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርቡን ነገር ለጊዜው ያጠራል፤ ባለቤቱ ዓይኑ የታደሰ ይመስለዋል። እኛ እልል ያልነው ለበሽታው ነበር።

ቅርቡ ሲጠራ ሩቁ ሸሸ። አባቴ ፀሐይ ጠላ። ጫካ ውስጥ፣ ጥላው ሥር ሲሆን ደህና ነው፤ ወደ ገላጣው ሲወጣ ግን ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ እንደ ዱቄት ይበተንበታል፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ይቆማል። ማታ ሞተር መብራቱን አብርቶ ሲመጣ መንገዱ ሁሉ እሳት ስለሚሆንበት ጥግ ይዞ ያሳልፈዋል። ጨረቃ ሁለት ሆነችበት። አንድ እሑድ ነጠላው ቢጫ ነው፣ አላጠብሽውም ብሎ እናቴን ተቆጣት። ነጠላው እንደ ወተት ነበር። እናቴ ወስዳ እንደገና አጠበችው። ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ዝም ማለት ጀመረ፤ የማያውቁት ኮራብን አሉ።

ቡናውንም ዓይኑ ከዳው። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነበት፤ ስለዚህ በጣቱ መልቀም ጀመረ፤ የበሰለው ሲጫኑት እሺ ይላል፣ ጥሬው እንቢ ይላል። ጣት ግን ይስታል። እናቴ ቅርጫቱን ተቀብላ ወደ ቡና ማስጫው አልጋ ትወስደውና ሳታሰጣው በፊት ጥሬውን ለቅማ ለቅማ በቀሚሷ ትይዛለች፤ ጓሮ ወስዳ እንሰቱ ሥር ትደፋዋለች። እኛን ለአንዲት ጥሬ ፍሬ ያንጫጫን የነበረ ሰው ስንቱን አረንጓዴ እንዳመጣ አንድ ቀን አልሰማም። እናቴ እንዲህ ነበረች፤ ለሁሉም ነገር ሆድ ይፍጀው ባይ።

ታዲያ ያን ጊዜ አባቴ አጥርቶ የሚያየው ከአፍንጫው ሥር ያለውን ብቻ ነበር፤ የዳዊቱን ፊደል፣ መዳፉ ላይ ያለችውን ፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዓይኑን ልታይ የምትጠጋውን የእናቴን ፊት። ቀስ በቀስ ዳዊቱም ተዘጋ። ፊቷ ቀረ። እሱም እየደበዘዘ ሄደ፤ ግን አባቴ ስለሚያውቀው የጎደለውን ራሱ ይሞላው ነበር መሰለኝ።

ጅማ እንሂድ ብዬ ያልለመንኩበት በዓል የለም። ጆሮ ዳባ ልበስ ነው መልሱ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ እጮሃለሁ፣ ቦርሳዬን አንስቼ እወጣለሁ፣ እንደገና እመለሳለሁ። አንዴ ዛሬ መጠበቅ የለም፣ ድሮ ቀረ የሚል ሰው ከተማ ሰማሁ ብዬ ብነግረው፣ አንቺ ከተማ ተቀምጠሽ የምታውቂው የተሰፋ ልብስ ነው፣ የሚበስል ነገር ምን ታውቂያለሽ አለኝ።

በዚህ መሐል እናቴ ታመመች። መጀመሪያ ምግብ አልረጋላት አለ። ቦንጋ አምጥቼ አስመረመርኳት፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ጊዜው አልፎበታል፣ ቤቷ ሆና ሕመሟ ይታገስላት ተባልን። እሷ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ለአባታችሁ ጨጓራ ነው በሉት አለችን፤ አልነው። ያች ደልደል ያለች፣ ጉንጯ ሙሉ የነበረች ሴት ባየኋት ቁጥር እያነሰች ሄደች። አንገቷ ቀጠነ፣ ጥርሷ ወጣ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። እሱ ምን እየሆንሽ ነው ሲላት ትንሽ ከስቻለሁ ትለዋለች።

አምና ለቀማ ሲጀመር ሄድኩ። አባቴ ዱካው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ሲል ገና ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። የግራ ዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኗል። ጠጋ ብሎ መመርመር የሚባል ነገር የለበትም፤ ማንም መንገደኛ የሚያየው ነጭ ነው። የቀኙም ወደዚያው እየሄደ ነበር። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ጎንበስ አለች። ቆቡን በአውራ ጣቷ ሳበች። «እህስ?» አላት።

«ገና ነው» አለችው።

ቦርሳዬን መሬት ላይ ጣልኩት። አባዬ ዓይንህ ነጥቷል፣ በስሏል፣ ዛሬውኑ ልውሰድህ አልኩ። አባቴ ወደ ድምፄ ዞረና፣ ተቆጥቶም አይደለም፣ እናትሽ አይታዋለች አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ ምን ትላለች ይቺ እንደማለት። እናቴም «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ገና ነው» ብላ ማለችለት። እናቴ በሕይወቷ ስትምል ሰምቻት አላውቅም ነበር። አባቴ ቅርጫቱን አንስቶ ሄደ።

ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል ተከትያት ገባሁ። ንዴቴ እንዳለ ነበር፤ እንደዚያ ከስታ እያየኋት እንኳ አልበረደም። ለምን ትዋሺዋለሽ አልኳት። ከቀሚሷ የትናንቱን ጥሬ ቡና አራገፈችና አፈሩን በእግሯ መለስ አደረገችበት።

«ከዳነ ያየኛል» አለችኝ።

«ይይሽ! ለዚህ አይደል እንዴ ዓይን የተፈጠረው?»

«እኔ ውኃ ስቀዳ ፊቴን አይቼዋለሁ። እሱ ዘንድ ያለው ፊቴ ግን ደህና ነው። እዚያው ይቆይልኝ።» ትንሽ አረፈች፤ ያን ጊዜ ሁለት ቃል ስትናገር ታርፍ ነበር። «ከእኔ በኋላ ውሰጂው። ምን ይሆናል፣ ዓይን የትም አይሄድ።»

ዓይን የትም አይሄድ ያለችው ከልቧ ነው። እኔም ያን ጊዜ ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር። ቡና ዛፉ ላይ ቢቆይ ይደርቃል፣ ጀንፈል ይሆናል፣ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ሰው አይጎዳም። ዓይንም እንደዚያ የሚቆይ መስሏት ነው። በዓይኑ አልጨከነችበትም፤ ማንም ይህን እንዲያስብባት አልፈልግም። እኔ ግን ንዴቴን ምን ላድርገው? አሁንም ድረስ አንዳንዴ ልብስ እያጠፍኩ ብቻዬን እጨቃጨቃታለሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማስጫው አልጋ ዳር ተቀምጣ ቡና ስትለቅም በስልኬ ፎቶ አነሳኋት። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር። አጥፊው አለችኝ። እሺ አልኳት፤ አላጠፋሁትም።

የካቲት ላይ አረፈች። አባቴ አስከሬኗ አጠገብ ተቀምጦ ሴቶቹን ፊቷ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃቸው። የተኛች ነው የምትመስለው አሉት። ራሱን ነቀነቀ፤ ያመናቸው ይመስለኛል። እኔ ከድንኳኑ ወጣሁና እንሰቱ መሐል ገብቼ ጮኼ አለቀስኩ።

አርባዋ ሳይደርስ የግራ ዓይኑ ቀላ። ራሱን ይዞ ይቃትታል፣ የቀመሰውን ያስመልሰዋል። ለቅሶ ቤት ዓይኑ የቀላ ሰው ማን ይገርመዋል? እንባ ነው አሉ፤ እኛም እንባ ነው አልን። ጎረቤቱ ሁሉ አይዞህ፣ አልቅስ፣ ይወጣልህ እያለ ይመክረዋል። ሕመሙ ሌሊት የማያስተኛ ሲሆን ነው ከለቅሶው ሌላ ነገር እንዳለ የጠረጠርነው፤ በማግስቱ በሞተር ቦንጋ አውርደነው፣ ከዚያ ጅማ ሄድን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። አባቴን አንቱ እያለ አገጩን መሣሪያው ላይ እንዲያሳርፍ አደረገውና በትንሽ መብራት ለብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ለሁለታችንም ነገረን። የግራው ሞራ ከልክ በላይ ቆይቶ አብጧል፤ ሲያብጥ የዓይኑን ውኃ መውጫ ዘግቶበታል፤ ውኃው ሲጠራቀም ግፊቱ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ገድሎታል። ሞራው ቢወጣም የግራው ብርሃን አይመለስም። ቀኙ ይድናል። መብሰል የሚባለውን ጠየቅኩት። ድሮ በነበረው አሠራር ይጠበቅ ነበር፣ ዛሬ ግን ሰውዬው ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ነው የምናወጣው አለኝ። ዛሬ የጠርሙስ ቂጥ መነጽርም የለም፤ የደፈረሰው ወጥቶ እዚያው ቦታ የተሠራ ሌንስ ይገባል።

«ከነጣ ቆይቷል» አለ ሐኪሙ። «ቤት ውስጥ ያየዎት ሰው አልነበረም እንዴ አባቴ?»

«ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ታየው ነበር» አለ አባቴ፣ ኮራ ብሎ። «አንድ ቀን አስታጉላ አታውቅም። ገና ነው ትለኝ ነበር።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ።

የቀኙ ተሠራለት። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየው የነርሷን ጋወን ነው። ነጭ ነው አለ፣ እንደ ሕፃን እየሳቀ። ሰማያዊ የተቀባውን በር አይቶ ተነስቶ ሄዶ ዳሰሰው። ወደ እኔ ሲመጣ ቆም አለና አንቺማ ሸብተሻል፣ ማን ፈቀደልሽ አለኝ። ሳቅን። ከእናቴ ሞት ወዲህ የሳቅነው ያን ቀን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ግድግዳው ላይ ለአርባዋ ያዘጋጀነው ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ ከድሮ መታወቂያዋ ላይ አስጎልተነው ነው፤ ጉንጯ ሙሉ፣ ዓይኗ ቀጥ ብሎ የሚያይ። ፊት ለፊቱ ቆሞ ስሟን ጠራት። ይቺው ናት፣ ምንም አልተለወጠች አለ። እኔም፣ እንዳለችው ደህና ፊቷ እዚያው ቆይቶላታል፣ ይኸው ይበቃል ብዬ ነበር።

አንድ እሑድ ዓይኑን እየሞከረ ስልኬን ተቀበለኝ። ጣቱን እንዴት እንደሚገፋ አሳየሁትና ፎቶውን አንድ በአንድ እያሳለፈ ማን ማን እንደሆነ ይነግረኛል። ይኼ የጎረቤቱ ልጅ ነው፣ ይቺ አንቺ ነሽ ሱቅሽ ውስጥ፣ ይቺ የእኛ ላም ናት። ትክክል በተናገረ ቁጥር ልቡ ይሞላል። እኔ ቆጮ እየቆረጥኩ ነበር፤ የትኛው ፎቶ ላይ እንደደረሰ አላየሁም።

«ይቺን ግን አላወቅኳትም» አለ። «ማናት ይቺ ምስኪን? በጣም ተጎድታለች።»

ቀና ብዬ አየሁ። እናቴ ነበረች፣ ማስጫው አልጋ ዳር፣ ሻሿ ተንሸራቶ።

መዋሸት እችል ነበር። ቢታ ገነት ከተማ የምትኖር ዘመዳችን ናት ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር። እሷም እንደዚያ እንድል ትፈልግ ነበር። ግን በዚያ ቤት ስለ ዓይኑ የተዋሸው በቃኝ።

«እማዬ ናት፣ አባዬ።»

ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው፤ ልማድ ነው፣ አሁን አያስፈልገውም ነበር። እንደገና አራቀው። ስልኩ በራሱ ጠፋ፤ አብሪልኝ አለኝ፤ አበራሁለት።

«መቼ ነው ይኼ?»

«ባለፈው ለቀማ ላይ።»

«ያኔ ዓይኔ በስሎ ነበር?»

«በስሎ ነበር።»

ውጪ ጎረቤት ፍየሏን ስትጠራ ይሰማል። ስለ ግራ ዓይኑ የሚጠይቀኝ መስሎኝ መልስ እየፈለግኩ ነበር፤ እሱ ግን አውራ ጣቱን አንስቶ የጠፋውን ዓይኑን ቆብ ነካ፣ እሷ ትነካው በነበረበት ቦታ።

«ጣቷ አጥንት ብቻ መሆኑን አውቄ ነበር» አለ። «ጠዋት ስትነካኝ አውቀው ነበር። ፊቷ ግን እኔ ዘንድ ደህና ነበር።»

አልወቀሳትም፣ አላለቀሰም። የቆረጥኩትን ቆጮ አልበላም። ፎቶውን ላጥፋው ወይ ብዬ ብጠይቀው እጄን ያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስሄድ ሰላምታው እንዳለቀ ስልኬን ይጠይቀኛል። የትኛውን ፎቶ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ዱካውን ይዞ ወደ ደጃፉ ብርሃን ይወጣና በአንድ ዓይኑ ያያታል፣ ለረጅም ጊዜ። መጀመሪያ ሰሞን ይበቃሃል፣ ራስህን አትጉዳ እያልኩ እቆጣው ነበር።

«ተዪኝ» አለኝ። «እስክለምዳት ነው።»

አሁን ስልኩን ሰጥቼው አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።